5 አምፒር አዳፕተር ራውተር አያቃጥልም

ወንድሜ፣ ቱሉ ዲምቱ ባለው የጋራ ወርክሾፓችን ግድግዳ ላይ «1 አምፒር ለሚል ራውተር 5 አምፒር አዳፕተር አትሰኩ፣ ይቃጠላል» ብለህ ለጥፈሃል። ለልጆቹ አስበህ መሆኑ ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም።

አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው አምፒር የአቅሙ ጣሪያ ነው። እየገፋ የሚያስገባው መጠን አይደለም። የሚፈልገውን ያህል የሚስበው ራውተሩ ነው። 12 ኦም ጭነት (የሚሰካው ዕቃ ማለት ነው፤ ኦም የተቃውሞው መለኪያ ነው) 12 ቮልት ላይ 1 አምፒር ይስባል። ከጀርባው 2 አምፒር ይኑር 50፣ ለውጥ የለውም። መመሳሰል ያለበት ቮልቱ ነው። የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭም እንዲሁ፤ እሱ ከተገለበጠ ነው ጉድ የሚፈላው።

ፍርሃቱ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከምናለሽ ተራ የምንለቅማቸው ከበድ ከበድ ያሉ ባለ ትራንስፎርመር የድሮ አዳፕተሮች፣ ብዙዎቹ ቮልታቸውን አይቆጣጠሩም። 12 የሚለው ጭነት ሲቀልበት 16 ወይም 17 ሊሰጥ ይችላል። ትልቅ አዳፕተር ላይ ትንሽ ዕቃ ተሰክቶ ሲቃጠል ጥፋተኛው ቮልቱ ነው፤ ስሙ የሚጠፋው ግን የአምፒር። መጀመሪያ በቴስተር መለካት ነው፣ አለቀ።

ኤልኢዲ (ትንሿ አምፖል) ግን ለብቻው ነው፤ እንደ ራውተሩ የሚስበውን አምፒር ራሱ አይገድብም። ቀዩን 5 ቮልት ላይ ስታበሩ አምፒሩን የሚገድብ 220 ኦም ሬዚስተር ካስገባችሁ ወደ 14 ሚሊአምፒር ብቻ ያልፋል።

ደግሞ ሽቦ ከተነካካ 5 አምፒሩ ከ1 አምፒሩ የባሰ ያግላል። ስለዚህ ወረቀቱን ስትቀይር ስለ ፊውዝ ጻፍበት።