ፍሮዶን በጥድፊያ አትሸኙት

ደከመኝ። የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ሦስተኛው ፊልም በተነሳ ቁጥር «አላልቅ አለ፣ ስንቴ ነው የሚጨርሱት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያ መጨረሻ እኮ የታሪኩ ልብ ነው!

ፍሮዶ ሊያጠፋው የተሸከመው ክፉ ቀለበት እሳት ውስጥ ገባ። ሁሉም አገሩ ተመለሰ። የፍሮዶ የጉዞ ጓደኛ ሳም አገባ፣ ወለደ። ፍሮዶ ግን ትከሻውን የተወጋበት ቁስል ከአራት ዓመት በኋላም አልሻረለትም። አገሩን ሻየርን ለሌሎች አዳናት፤ እሱ ግን ሊኖርባት አልቻለም። ላይመለስ መርከብ ተሳፍሮ ሄደ፣ ሳም ወደቡ ላይ እያለቀሰ ቀረ። ይህን ነው «ተንዛዛ» የሚሉት? እኔ ስንቴም ባየው እዚያች ጋ እንባዬ ይመጣል።

በዳይሬክተሩም ቅር ይለኛል። ፊልሙ በተሠራበት፣ በፈረንጆቹ 1955 በወጣው መጽሐፍ ፍሮዶ፣ ሳምና ሁለት ጓደኞቻቸው ሲመለሱ ሻየርን ተበላሽታ ነው የሚያገኟት። ዛፎቿ ተቆርጠዋል፤ ሰዉ በጉልበተኞች ተረግጧል። ተዋግተው ነው የሚያስለቅቋት። ፒተር ጃክሰን ይህን ክፍል ዘለለው። በፊልሙ ሻየር እንደነበረች ቆየቻቸው። ሰዓት አልበቃ ብሎት ይሆናል፣ ይገባኛል። ግን ጦርነት ደጃፍ ድረስ እንደሚመጣ የሚያሳየው ክፍል ሲወጣ፣ የፍሮዶ መሄድ ለብዙ ተመልካች ዱብ ዕዳ ይሆናል። ከዚያ «ምን ጎደለበትና ነው የሚሄደው?» ይባላል።

ምን ጎደለበት! ጣቱ ጎድሏል። ሰላሙ ጎድሏል። ከቤቱ ሲወጣ የነበረው ልጅ ራሱ የለም። እባካችሁ፣ መርከቧ ከወደቡ እስክትወጣ እንኳ ተቀመጡ።