ማስተካከያ፦ የዘገየው ጨዋታው ሳይሆን ማሻሻያው ነው

«ኢፉትቦል 2022» ስለተባለው የእግር ኳስ ቪዲዮ ጨዋታ ባቀረብነው ጽሑፍ፣ አዘጋጁ የጃፓን ኩባንያ ኮናሚ ጥራቱን ለማሻሻል ሲል የጨዋታውን መውጫ ቀን እንዳራዘመ ገልጸን ነበር። ተሳስተናል፤ ለኩባንያው ያላደረገውን ጥንቃቄ ሰጥተነዋል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 በነጻ ወጥቷል፤ ያውም የሜሲና የሮናልዶ ፊት መሳቂያ እስኪሆን ድረስ ሳይበስል። ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቋል። የተራዘመው በዚያው ዓመት ለኖቬምበር 11 ታቅዶ የነበረው «1.0» የተባለው ማሻሻያ ነው። እሱም ለተጫዋቾች የደረሰው ኤፕሪል 14 ቀን 2022፣ ማለትም ከአምስት ወር በኋላ ነው። ከማሻሻያው ጋር ይለቀቃል ተብሎ አስቀድሞ ለተሸጠው ጥቅል የከፈሉ ሰዎች ገንዘባቸው እንዲመለስ መወሰኑንም በጽሑፋችን ዘለነው ነበር።