ስለ ኦቶማኖችና ማተሚያ ቤት፣ ትንሽ እርማት

«ሼኾቹ ሐራም ስላሉት ኦቶማኖች እስከ 1727 ድረስ ሕትመት አያውቁም ነበር» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር በጣም ይወራል ግን ልክ አይደለም። ከስፔን የተባረሩ አይሁዶች ኢስታንቡል ውስጥ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ያተሙት በ1493 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። አርመኖች በ1567፣ ግሪኮች በ1627 ቀጠሉ። በ1727 የተፈቀደው በአረብኛ ፊደል የቱርክኛ መጻሕፍት ማተም ነው።

እሱንም የጀመረው ኢብራሂም ሙተፈሪቃ፣ ከትራንሲልቫኒያ መጥቶ የሰለመ ሰው፣ ሥራውን የከፈተው የሸይኹል ኢስላሙን (የግዛቱን ዋና የሃይማኖት ሹም) ፈትዋ፣ ማለትም ሃይማኖታዊ ብይን፣ ይዞ ነው! የተከለከለው የሃይማኖት መጻሕፍትን ማተም ብቻ ነበር። ስለዚህ መዝገበ ቃላት አተመ፣ በ1732 ደግሞ ከሞተ 75 ዓመት የሆነውን የካቲብ ቸለቢን የጂኦግራፊ መጽሐፍ፣ በ1734 የናኢማን የታሪክ መጽሐፍ። የእነዚህ ጸሐፊዎች ሥራ ከእጅ ጽሑፍ ወጥቶ በመቶዎች ቅጂ የተባዛው ያኔ ነው።

«ሱልጣን ዳግማዊ ባየዚድ ያተመ ይገደል ብሎ አውጇል» የሚባለውስ? ሁሉም ይጠቅሰዋል፣ የአዋጁን ሰነድ ግን እስካሁን ያገኘ የለም። ወሬው የመጣው ከአውሮፓውያን ጸሐፊዎች ነው።

ሙተፈሪቃን ይልቅ ያስቸገረው ገበያው ይመስለኛል፤ ሲሞት ካተማቸው ቅጂዎች ሲሶ ያህሉ ገና አልተሸጡም ነበር።