ከሶፋው ጋር ይሄዳል?

ለቤቱ ሥዕል የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሥዕሉን አይደለም፤ ሶፋውን ነው። «ግራጫ የበዛበት የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም ለምዶታል፣ አይደነግጥም። የቀለጠ ሰዓት የሚታይበት ሥዕል በግራጫ አለ፣ በቡናማም አለ። መጋረጃ ከተቀየረ ደግሞ በሰማያዊ ይታተማል።

የሚገርመው፣ የተገዛው ሱሪያሊዝም፣ ያ ሕልምና ቅዠትን የሚያወጣ የጥበብ ንቅናቄ፣ መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብረቶን እ.ኤ.አ. በ1924 ፓሪስ ላይ የንቅናቄውን ዓላማ የሚያውጅ ማኒፌስቶ ሲያወጣ፣ ሕልምና ቅዠት ከተደበቁበት ወጥተው የተመቸውን ሰው ሰላም እንዲነሱት ነበር ሐሳቡ። እኛ «ቤቱን ሞቅ ያደርገዋል» ብለን ሰቀልነው።

የስፔናዊውን ሰዓሊ የሳልቫዶር ዳሊን የቀለጡ ሰዓቶች ውሰዱ። በ1931 የተሣለው ዋናው ሥዕል ኒውዮርክ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። ቁመቱ 24፣ ወርዱ 33 ሴንቲ ሜትር ነው። ከፎቶኮፒ ወረቀት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሳሎን የሚሰቀለው ቅጂ ግን በር ያክላል። ታዲያ በቅጂው ያደገ ሰው ሙዚየም ሲሄድ «ይቺ ናት እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ሥዕሉ ግርጌ በስተግራ ጉንዳን የወረራት ብርቱካንማ ሰዓት አለች። በትልቁ ስትታተም ጉንዳኖቹ በረሮ ያክላሉ። ከሥሯ የተቀመጠ እንግዳ ሳያስበው ማጅራቱን ይዳብሳል።

«የኔ ግን ፊርማ አለበት» የሚልም አይጠፋም። ዳሊ በእርጅናው ባዶ ወረቀት ላይ በሺዎች የሚቆጠር ፊርማ ፈርሟል፤ ሥዕሉ ኋላ ይታተምበታል። ስለዚህ ፊርማው የእውነት፣ ሥዕሉ የውሸት ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ከተሰቀለው ሥዕል ይልቅ ይሄ ነው የለየለት ሱሪያሊዝም።

ቅጂ መግዛት በራሱ ነውር አይደለም። ቤልጂየማዊው የሱሪያሊዝም ሰዓሊ ሬኔ ማግሪት እንኳ፣ ሰማዩ ቀን መንገዱ ሌሊት የሆነበትን ያን ሥዕሉን ፈላጊ ሲበዛበት ደጋግሞ ሥሎታል። ደግሞ ሰውየው በወጣትነቱ የግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ንድፍ ይሠራ ነበር። ከግድግዳ ወረቀት ሸሽቶ ሰዓሊ ሆነ፤ እኛ መልሰን ግድግዳ ወረቀት አደረግነው።

የቤት ባለቤት ነገር ግን ዛሬ የመጣ አይደለም። ማግሪት በ1938 ከሳሎን ምድጃ ውስጥ ጭስ እየተፋ የሚወጣ ባቡር ሣለ። ኤድዋርድ ጄምስ የተባለው ሀብታም ደንበኛው ደረጃው ግርጌ እንዲሰቅለው ነበር ምኞቱ። እንግዳው ወደ ጭፈራው አዳራሽ ሲወጣ ባቡሩ እንዲወጋው ፈልጎ ነው። ጄምስ የት ቢሰቅለው ጥሩ ነው? ከምድጃው በላይ! ምድጃ ከምድጃ ጋር ይሄዳላ።

ከሁሉም የሚያሳዝኑኝ ሥዕል በርዕሱ የሚገዙ ሰዎች ናቸው። ማግሪት በ1928 የሣለው «ፍቅረኞቹ» የሚባል ሥራ አለ። ወንድና ሴት ይሳሳማሉ። የሁለቱም ጭንቅላት ግን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ከንፈር ከንፈርን አያገኝም። ርዕሱን ያየ ሁሉ ለአዲስ ሙሽሮች ይዞ ይሄዳል። ሙሽሮቹም አመስግነው ከአልጋው ራስጌ ይሰቅሉታል። ፍቅር እስካለ ድረስ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። የተኮራረፉ ዕለት እሷ ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀስራ «ያው፣ አንተ እኔን የምታየኝ እንደዚህ ነው!» ትለዋለች።

እሱም ከስንት ጊዜ በኋላ ሥዕሉ ላይ ያፈጣል።

«እንዴ! ፊታቸው ላይ ያለው ጨርቅ ነው?»