ከደጅ የሚመልስ ሽፋን

የሙዚቃ መጽሔት ዲዛይን ሲተነተን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አይጠፉም፦ «ቀዩ ቀለም ትኩረት ይስባል»፣ «ፎቶው ማራኪ ነው»፣ «የፊደሉ ቅርጽ ዘመናዊ ነው»። ሦስቱም ስለ ሳሙና ካርቶን ቢባሉ ያስኬዳሉ፤ ስለ መጽሔቱ ግን ምንም አልነገሩንም። ሽፋን መመዘን ያለበት በሚጠራው ሰው ብቻ ሳይሆን ከደጅ በሚመልሰውም ሰው ነው። ያገኘውን ሁሉ እጁን ይዞ ለማስገባት የሚሞክር ሽፋን፣ ከኪሱ ከፍሎ «ይሄ የእኔ ነው» የሚል አንባቢ አያገኝም።

«ኬራንግ!» የተባለውን የከባድ ሮክ መጽሔት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1981 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ሳውንድስ» የተባለው የብሪታንያ የሙዚቃ ሳምንታዊ አባሪ ሆኖ ሲጀመር፣ ስሙን የወሰደው የኤሌክትሪክ ጊታር ሲመታ ከሚያወጣው ድምፅ ነው። የስሙ ፊደላት ድንጋይ እንደተወረወረበት መስታወት ተሰነጣጥቀው ይታያሉ። ሽፋኑ ለብዙ ዓመታት በፎቶና በጽሑፍ ይጨናነቅ ነበር። ንጹሕ ገጽ የሚወድ ዲዛይነር «ተዝረከረከ» ሊለው ይችላል፤ ግን መዝረክረኩ ሥራ ነበረው። ከባድ ሮክ የማይሰማ ሰው ገና ከሩቅ ሲያየው ፊቱን ያዞር ነበር፤ የሚሰማው ደግሞ ወላጆቹ የማይገዙትን ነገር እንዳገኘ ወዲያው ያውቅ ነበር። «ሞጆ» የተባለው የብሪታንያ መጽሔት (1993) በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ከማኅደር የወጣ የቆየ ፎቶ፣ ረጋ ያለ አቀማመጥ፣ ብዙ ገጽ የሚወስድ ረጅም ታሪክ። የአርቲስቱን የ20 ዓመት ፊት ለ50 ዓመት ሰው ነው የሚሸጠው፤ አፍላ ወጣቱን አይለማመጥም። ሁለቱ መጽሔቶች ስለ አንድ የጊታር ተጫዋች ቢጽፉ እንኳ ሽፋኖቻቸውን የሚያምታታ ሰው አይኖርም።

ከሁለቱም የሚለየው የፖፕ መጽሔቱ «ስማሽ ሂትስ» ነበር። ከ1978 እስከ 2006 ሲታተም መለያው የዘፈን ግጥሞችን ሙሉውን ማውጣቱ ነው። አንባቢው መቀስ የያዘ አንባቢ ነው፤ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፣ እያየ ይዘፍናል። ስለዚህ አንባቢን ለመግለጽ «ዕድሜው ከ15 እስከ 24፣ ወንድና ሴት» የሚለው የተለመደ መስመር ብዙም አይረዳም። መጠየቅ ያለበት ሰውየው መጽሔቱን ከገዛ በኋላ ምን ያደርገዋል የሚለው ነው። ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል? መሣሪያውን አንስቶ እያየ ይለማመድበታል? መደርደሪያ ላይ በቁጥር ቅደም ተከተል ያኖረዋል? የሦስቱ መልስ ወረቀቱን፣ ስፌቱንና የገጹን አደላደል ሳይቀር ይለውጣል።

ፖስተሩን ብቻ እንኳ ብናይ ይህ ግልጽ ይሆናል። መሐሉ ላይ በሁለት ሽቦ በሚሰፋ ባለ 64 ገጽ መጽሔት ውስጥ፣ ግራና ቀኙ ሳይቆረጥ በአንድ ወረቀት ፊት ላይ የሚያርፈው ገጽ 32 እና 33 ብቻ ነው። ፖስተር እዚያ የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ አንባቢው ሽቦዎቹን ቀና አድርጎ ሳይቀድ ያወጣዋል። የዚያ ወረቀት ጀርባ ደግሞ ገጽ 31 እና 34 ነው። ቃለ መጠይቁ ገጽ 31 ላይ እንዲያልቅ ያደረገ አዘጋጅ ፖስተሩን ለመስቀል የፈለገውን አንባቢ የታሪኩን መጨረሻ አስቀርቶበታል። ጀርባው ላይ ሌላ ፖስተር ማተምም ፈተና ነው፤ አድናቂው ከሁለቱ አንዱን ወደ ግድግዳ ማዞር ግድ ይሆንበታል። ከፋይ አስተዋዋቂም ግድግዳ ለማየት አይከፍልም። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው የመጽሔቱን የራሱን የደንበኝነት ቅጽ ወይም የሚቀጥለውን እትም ማስታወቂያ እዚያ ማድረግ ነው። ጀርባው በሙጫ በሚያያዝ መጽሔት ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። መሐሉ ጠልቆ ስለሚገባ በሁለት ገጽ የተዘረጋ ፎቶ ከየጎኑ ጥቂት ሚሊሜትር ይዋጥበታል። የዘፋኙ አፍንጫ እዚያ ላይ ካረፈ ፊቱ ይጠባል፤ ፊትን ከመሐል መስመር አርቆ ወደ አንዱ ገጽ ማምጣት ያስፈልጋል።

የጊታር መጽሔት ሌላ ጣጣ አለው። የታብ (ጣት የትኛው ክር ላይ የት እንደሚያርፍ በቁጥር የሚያሳይ የጊታር ጽሑፍ) ገጽ የሚነበበው ሁለቱም እጆች ሥራ ላይ ሆነው ነው። በሙጫ የተያያዘ መጽሔት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ተመልሶ ይዘጋል፤ በሽቦ የተሰፋው ግን ጠፍ ብሎ ይተኛል። የሶሎው መሐል ላይ ገጽ መግለጥ የሚያስፈልግ ከሆነም ዲዛይኑ ወድቋል፤ የቱንም ያህል ቢያምር።

ወደ ሽፋኑ እንመለስና ማስመሪያ እናንሳ። ከአገጭ እስከ ግንባር ያለው የፊቱ ቁመት የሽፋኑን ስንት እጅ ይይዛል? አርቲስቱ ወደ አንባቢው ያያል ወይስ ወደ ሌላ? ፊት ለፊት የሚያይ ትልቅ ፊት የትውውቅ ጥሪ ነው፤ የፖፕ መጽሔቶች የሚወዱትም እሱን ነው። ወደ ጎን ያየ ወይም ጥላ ውስጥ ያለ ፊት «ይህ ሰው ስለ ሥራው ያስባል» ይላል። መሣሪያው ከነአንገቱና ከነመቃኛው ሙሉ ሆኖ ከታየ መጽሔቱ ለተጫዋቾች ነው ማለት ይቻላል፤ ግማሹ ከተቆረጠ ጊታሩ እንደ ጃኬቱ ጌጥ ነው። ቀጥሎ አርዕስቶቹን ቁጠሩ። ዋናው አርዕስት ከሌሎቹ ቢያንስ በሦስት እጥፍ ካልበለጠ፣ ሰባቱም እኩል ከጮሁ፣ አዘጋጁ መወሰን አቅቶታል ማለት ነው። ከዚያ ሽፋኑን ሦስት ሜትር ርቀት ላይ አቁሙት። ከዚያ ላይ መነበብ ያለበት የመጽሔቱ ስምና አንድ የአርቲስት ስም ነው፤ ሌላው እጅ ላይ ሲደርስ ቢነበብ ይበቃል። መደርደሪያ ላይ መጽሔቶች ስለሚደራረቡ ብዙ ጊዜ የሚታየው የግራው ሲሶ ብቻ ነው። ዋናውን ስም ቀኝ ታች ያስቀመጠ ሽፋን በሌላ መጽሔት ጀርባ ተሸፍኖ ይውላል።

ሕጉን የጣሱ ሽፋኖች ሲጠቀሱ የ«ሮሊንግ ስቶን» የጥር 22 ቀን 1981 እትም ይመጣል። የቢትልሱ ጆን ሌኖን ራቁቱን ሚስቱን ዮኮ ኦኖን አቅፎ የሚታይበት የአኒ ሊቦቪትዝ ፎቶ ነው፤ የተነሣው ሌኖን በተገደለበት ዕለት ታኅሣሥ 8 ቀን 1980 ነበር። ከመጽሔቱ ስም በቀር አንድም አርዕስት አልተጻፈበትም። አንዳንድ ተንታኝ ከዚህ «ባዶነት ኃይል አለው» የሚል ትምህርት ይወስዳል። አይደለም። አርዕስቱን ዓለም ሁሉ አስቀድሞ ሰምቶት ነበር። ማንም የማያውቀውን ጀማሪ ባንድ ያለ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ማውጣት ያንን ሽፋን መከተል ሳይሆን የሽያጭ ቦታን መጣል ነው።

ዲዛይነሩ ዴቪድ ካርሰን በ1992 በተጀመረው «ሬይ ገን» የተባለ የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ያደረገውም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። አሰልቺ ሆኖ ያገኘውን የእንግሊዛዊውን ዘፋኝ የብራያን ፌሪን ቃለ መጠይቅ በፊደል ፋንታ የምልክት ስብስብ በሆነ ፎንት አቀናበረው፤ ማንም ሊያነበው አልቻለም። የሚነበበው ቅጂ እዚያው እትም ውስጥ ከኋላ ገብቷል። የዚያ መጽሔት አንባቢ ገጹን እንደ ሥዕል ሊያይ የከፈለ ሰው ስለነበር ቀልዱ ገባው። የድምፅ ማጉያ ዋጋና አቅም ለማወዳደር መጽሔት የገዛ ሰው ላይ ያው ሥራ ቢሠራበት ገንዘቡን ይጠይቃል።

የሙዚቃ መጽሔት ከሌላው በተለየ የሚሰናከልበት ቦታ የመድረክ ፎቶ ነው። የኤልኢዲ መብራት የሚያፈሰው ደማቅ ሰማያዊና ሐምራዊ ስክሪን ላይ ያበራል፤ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች (ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ግን ሊወጣ አይችልም። ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን ሲቀይረው ሐምራዊው አመድማ ይሆናል፣ የዘፋኙ ፊትም ይጠፋል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በማተሚያ ቤቱ ይላከካል፤ መጠየቅ ያለበት ግን ፎቶውን እስከ መጨረሻው ቀን በስክሪን ቀለም ይዞ የቆየው ዲዛይነር ነው። ፎቶው ገና ሲመረጥ ወደ አራቱ ቀለሞች ተለውጦ መታየት አለበት፤ ካልዳነ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ይሻላል። (ብዙ «ጥበባዊ» የተባሉ ጥቁርና ነጭ የኮንሰርት ፎቶዎች ምስጢራቸው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።) መጠኑም ይቁጠር፦ ለኤ4 ሽፋን ከየጎኑ 3 ሚሊሜትር ለመቁረጫ ሲጨመር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያርፉ ነጥቦች ብዛት) 2551 በ3579 ፒክስል ያስፈልጋል። ከማኅበራዊ ገጽ የወረደ 1080 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በዚያ ጥራት የሚሞላው 9 ሳንቲሜትር ያህል ነው።

የሮክና የራፕ መጽሔቶች የሚወዱት ጥቁር ገጽም እንዲሁ ያታልላል። ጥቁሩ ከአራት ቀለም ተደርቦ ሲታተም ወረቀቱ በፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ፣ ነጭ ሆነው የቀሩት ቀጫጭን ፊደላት በቀለም ይሞላሉ። ረጅም ቃለ መጠይቅ በ8 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ) ስስ ፎንት፣ ነጭ በጥቁር ላይ ማሳተም አንባቢን በሁለተኛው አንቀጽ መሸኘት ነው። ፊደሉን ወፈር ማድረግ፣ ወደ 10 ፖይንት ማሳደግ፣ ከጽሑፉ ሥር ያለውንም በጥቁር ቀለም ብቻ መተው ያድናል።

የውስጡ ገጽ በሦስት ዓምድ፣ እያንዳንዱ 57 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ከተደላደለ ለብዙው ሥራ ይስማማል። የአልበም ግምገማዎች አራት ዓምድ ይችላሉ፣ አጫጭር ስለሆኑ። ኮከብ መስጠትን ግን በጥርጣሬ ነው የምናየው። ሦስት ኮከብ አይቶ ጽሑፉን የሚያነብ ጥቂት ነው፤ አምስትና አንድ ብቻ ይነበባሉ።

ከዲዛይን ወደ አንባቢ የሚያሻግረው ታሪክ የ«ኤንኤምኢ» (ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ) ነው። በ1952 የተመሠረተው ይህ ሳምንታዊ በዚያው ዓመት የብሪታንያን የመጀመሪያ የነጠላ ዘፈኖች ሽያጭ ደረጃ ሰንጠረዥ አወጣ፤ ለአሥርተ ዓመታትም የአንድ ወገን ጣዕም ጠባቂ ሆኖ ኖረ። በመስከረም 2015 ነጻ መጽሔት ሆኖ ሪሃናን ሽፋኑ ላይ አወጣ። በክፍያ ይሸጥ የነበረው ወደ 15 ሺህ ቅጂ ወርዶ ነበር፤ በነጻ የሚታደለው ከ3 መቶ ሺህ በላይ ሆነ። በመጋቢት 2018 ሳምንታዊ ኅትመቱ ቆመ። የወረቀት ወጪና የደከመው የማስታወቂያ ገበያ ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ሽፋኑ ላይ የሆነው ግን ለብቻው የሚታይ ነው፤ ዋጋው ሲነሣ ማንንም ከደጅ የመመለስ ምክንያት ቀረ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ ለሚያልፍ ለማንኛውም እጅ የሚስማማ ፊት መፈለግ ተጀመረ።

ትንታኔ የሚጽፍ ሰው ሽፋኑን ለክቶ ሲጨርስ መጽሔቱን ገልብጦ የማስታወቂያ ገጾቹን በዓይነት በዓይነታቸው ይቁጠራቸው፦ ስንቱ የመሣሪያ፣ ስንቱ የኮንሰርት ትኬት፣ ስንቱ የልብስ፣ ስንቱ የድጋሚ ቅጂ አልበም። የፊቱ ሽፋን የ18 ዓመት ልጅ እየጠራ የኋላው ሽፋን ላይ የጡረታ ዋስትና ከተገኘ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ የኋላው ግን ከፍሎ ነው የገባው።