«ዲቃላ ነው፣ ምንም አይሆንም» ለምትሉኝ ሁሉ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ቢረዝምም ታገሱኝ።

ውሻዬ ቡቺ አራት ዓመቱ ነው። እናቱ ኮሊ፣ አባቱ አውስትራሊያን ሼፐርድ። በሁለቱም ወገን ዘር ማንዘሩ መንጋ ሲነዳ የኖረ ነው። ገና ቡችላ ሆኖ ካመጣሁት ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ስሰማ ጆሮዬ ደነቆረ። «ዲቃላ አይደል? ምንም አይሆንም!» ክትባቱ እንዳያልፈው ስጠነቀቅ፣ «ዲቃላ ነው፣ ተይው»። ፀጉሩን ሳበጥር፣ «ዲቃላም ይበጠራል?» ጠዋትና ማታ ይዤው ስወጣ፣ «ምን አለፋሽ? ግቢ ውስጥ ልቀቂው፣ ራሱ ይሯሯጣል»።

አይሯሯጥም! እንዲህ ያለ ውሻ ብቻውን ሲለቀቅ ወይ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ወይ ለራሱ ሥራ ይፈጥራል። ቡቺ የፈጠረው ሥራ አጥር ሥር እየተመላለሰ የሚያልፍ ብስክሌት ላይ ሁሉ መጮህ ነበር። ከመመላለሱ ብዛት ሣሩ ተልጦ መንገድ ወጣ። ይሄን ያየ ሁሉ «ክፉ ነው፣ እሰሪው» ይለኛል። ክፉ አይደለም። ሥራ የፈታ ውሻ ነው። ብታስረው ደግሞ ይብስበታል።

የእህቴ ልጆች ሲመጡ የሚያደርገውን ብታዩ! ሦስቱ ሲበታተኑ አይወድም። አንዱ ወደ ጓሮ፣ ሌላው ወደ በር ሲሮጥ ዞሮ ይቀድማቸዋል። በትከሻው ገፋ ያደርጋቸዋል። አልሰማ ያለውን ተረከዙን በጥርሱ ጫፍ ነካ ያደርገዋል። ሦስቱንም አንድ ጥግ ከሰበሰበ በኋላ ምላሱን አውጥቶ ፊት ለፊታቸው ይተኛል። በጎች ቢሆኑ ኖሮ በዚህ ይመሰገን ነበር። ትንሿ ግን ደንግጣ አለቀሰች፣ እውነቷን ነው። ልጅ ሲጮህና ሲሮጥ እሱም ይብስበታል። ስለዚህ ከልጆች ጋር ብቻውን አልተውም። ስጠራው ጥሏቸው እንዲመጣና እንዲተኛ አስተማርኩት። ወራት ፈጅቷል። ያንን ሁሉ ጊዜ «አንዴ በዱላ ብትይው ይገባዋል» የሚል ሰው አልጠፋም። ዱላ የሚያስተምረው እጅ መፍራትን ነው። የፈራ ውሻ ደግሞ ነካ ማድረጉን ትቶ ይነክሳል።

የሚያደክመው ሩጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኳስ ለአንድ ሰዓት ብወረውርለት ይብስ ይቅበጠበጣል። ምግቡን በየጥጉ ደብቄ በአፍንጫው ሲፈልግ ሩብ ሰዓት ከቆየ ግን ጥቅልል ብሎ ይተኛል።

ፀጉሩንም «ሙቀት ነው፣ ላጪለት» ይሉኛል። ድርብ ነው እኮ! ከውስጥ ለስላሳው፣ ከላይ ረጅሙ። ከፀሐይም ከብርድም የሚከልለው እሱ ነው። ከተላጨ በኋላ እንደነበረው ላያድግም ይችላል። ጆሮው ሥርና ጭኑ ላይ የሚቋጠረውን እየፈታሁ ማበጠር ነው ያለብኝ፣ አለቀ።

አሁን ወደ አናደደኝ ነገር ልምጣ።

አንድ የምወደው ዘመዴ እኛ ጋ ሰንብቶ ነበር። ፈረሶች አሉት። ቡቺ ሲታከክ አየና ለፈረሶቹ ከያዘው የትል መድኃኒት፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ የሚጨመቀውን፣ ምላሱ ላይ አደረገለት። ውስጡ አይቨርሜክቲን አለው። እኔ ቤት አልነበርኩም። ስመጣ ራሱ ነገረኝ፣ ደስ ብሎት። «ዲቃላ ነው፣ ምንም አይሆንም» አለ።

ማታ ስጠራው ሊነሳ ሲል የኋላ እግሮቹ ተጠላለፉበት። ለሃጩ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። ፊቱን ወደ መብራት አዞርኩት፣ ብሌኑ እንደሰፋ ቀረ። እጄን ዓይኑ ፊት አወዛወዝኩ፣ አልተርገበገበም። ቡቺ አያየኝም ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ዘሩ ምንድነው?» ብላ ነው። አንጎልን ከመድኃኒት የሚከላከል፣ የገባውን መልሶ የሚያስወጣ እንደ ፓምፕ ያለ ነገር በሰውነት ውስጥ አለ። ኤምዲአር1 የሚባለው ጂን ሲበላሽ ፓምፑ አይሠራም፣ መድኃኒቱም አንጎል ውስጥ ይከማቻል። ይሄን የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ደርሰውበታል። ከኮሊዎች 70 በመቶ ያህሉ፣ ከአውስትራሊያን ሼፐርድ ግማሽ ያህሉ የተበላሸውን ጂን ይይዛሉ። ለፈረስ የተመጠነ ደግሞ ለውሻ፣ ጤነኛ ጂን ላለው እንኳን፣ ብዙ ነው።

ማርከሻ የለውም። በደም ሥሩ ፈሳሽ እየሰጡ፣ ቁስል እንዳያወጣ እያገላበጡ፣ ስለማይርገበገብ ዓይኑን በቅባት እያረጠቡ መጠበቅ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ስሙን ስጠራ የጅራቱ ጫፍ ተንቀሳቀሰች። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በኋላ ጉንጩን በጥጥ ጠርገው አስመረመርን። የተበላሸውን ጂን ከእናቱም ከአባቱም ወርሶታል። ዲቃላነቱ ምን ጠቀመው? መዳቀል የሚረዳው አንዱ ወላጅ ያለበት ችግር ሌላው ጋ ከሌለ ነው። የእረኛ ውሻን ከእረኛ ውሻ ስታዳቅል ግን ያንኑ ችግር ከሁለት በኩል ልትሰበስብ ትችላለህ። የዓይኑም ነገር እንደዚያው ነው። ኮሊዎች ላይ የሚታወቀው፣ ከጽንስ ጀምሮ የዓይንን የኋላ ክፍል የሚያጎድለው ችግር አውስትራሊያን ሼፐርድ ላይም አለ። ዳሌያቸውንም ማስመርመር ያስፈልጋል።

ዘመዴን አልተቀየምኩም። ከእኔ እኩል ነው የተጨነቀው። የምቆጣው በዚያች ቃል ነው። ቡቺ ከዳነ ወር ሳይሞላው፣ አሁንም ሲራመድ ትንሽ እያዘነበለ፣ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው «ዲቃላ እኮ ጠንካራ ነው» አለኝ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ሰዓቱን አየና ሄደ።

እባካችሁ፣ ኮሊ፣ ሼፐርድ ወይም የማታውቁት የእረኛ ዘር ያለበት ውሻ ካላችሁ ምርመራውን አሠሩለት። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሰው ተቅማጥ ማስታገሻ ሎፔራማይድም ለእንደነዚህ ውሾች አደገኛ ነው፣ «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትስጡ። ቀዶ ሕክምና ካለውም የማደንዘዣው መጠን እንዲስተካከል ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩ። አይቨርሜክቲን ያለበት የልብ ትል መከላከያ ግን በሐኪም ትእዛዝ፣ ለውሻ በተመጠነው ልክ ሲሰጥ ችግር የለውም፣ እሱን ፈርታችሁ እንዳታቋርጡ።

ቡቺ አሁን አንገቱ ላይ ትንሽ ብረት አለችው። በአንድ በኩል ስልኬ አለ። በሌላው በኩል «መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት ይደውሉ» ይላል።