ፈረንሳይ ከባንኮኒው ጀርባ

ስለ ፈረንሳይ አኗኗር የሚተርኩ መጻሕፍት የራሳቸው ገበያ አላቸው። ሽፋናቸው ላይ የኤፍል ማማ ይታያል። ውስጣቸው ፈረንሳዊት ለምን እንደማትወፍር፣ ልጆቿ ለምን ምግብ እንደማያማርጡ፣ ወይም አንድ እንግሊዛዊ ፕሮቫንስ ገጠር አሮጌ ቤት ገዝቶ ከግንበኞቹ ጋር እንዴት እንደተነታረከ ይነግሩናል። ብዙዎቹ ያዝናናሉ። ሲያልቁ ግን የምናውቀው የውጭ ሰው ከፈረንሳይ ምን እንደሚሻ ነው። አገሩን ማወቅ የፈለገ ሰው ፈረንሳዮች ራሳቸው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሥራና ስለ መደብ የጻፉትን ቢያነብ እመርጣለሁ።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ እንግዳ አይደለም። የቪክቶር ሁጎ ትልቁ ልቦለድ በሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ተተርጉሞ «መከረኞቹ» በሚል ርዕስ ከደረሰን ቆይቷል። ዣን ቫልዣን ዳቦ ሰርቆ ታስሮ፣ ለማምለጥ በሞከረ ቁጥር እየተጨመረበት 19 ዓመት እንደማቀቀ እናውቃለን። መጨረሻ ላይ ያለውን የጎዳና ውጊያ ግን ብዙ ሰው ከ1789ኙ አብዮት ጋር ያምታታዋል። ሁጎ የተረከው በ1832 ፓሪስ ውስጥ ስለከሸፈው አመፅ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ንጉሥ አንገቱን ከተቀላ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላም ድሃው እዚያው ነበር።

ከሁጎ በኋላ አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥ ብባል የአኒ ኤርኖን «ላ ፕላስ» አነሳለሁ። በ1983 የታተመ፣ ከመቶ ገጽ ብዙም የማይዘል፣ ስለ አባቷ የጻፈችው ነው። ደራሲዋ በ2022 የኖቤል ሽልማት ስታገኝ ስሟ በየአገሩ ተነሣ እንጂ ፈረንሳዮች ቀድሞም ያነቧት ነበር። አባትየው ገና በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እርሻ ላይ ተቀጠረ፣ ቀጥሎ ፋብሪካ ገባ፣ በመጨረሻ ኖርማንዲ ውስጥ ኢቭቶ በምትባል ከተማ ከሚስቱ ጋር ካፌም ሸቀጣ ሸቀጥም የሆነች ቤት ከፈተ። ልጁን አስተማረ። ልጅቷም ተማረችና ራቀችው።

ከመጽሐፉ አንድ ነገር አይረሳኝም። ሰውዬው ውል አዋዋይ ፊት ቀርቦ «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚለውን በእጁ መጻፍ ነበረበት፤ አጻጻፉን ስላላወቀው ተሳሳተ። ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ይኸው ሲያብሰለስለው ነበር። ያልተቆጣው፣ ያልሰደበው ሰው መሀል እንዲህ ያለ ውርደት! ፈረንሳይ ውስጥ ፊደል መግደፍ የመደብ ምልክት ነው። በርናር ፒቮ በቴሌቪዥን ያካሂደው የነበረውን የቃል ጽሕፈት ውድድር አገሬው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይከታተለው የነበረውም ለጨዋታ ብቻ አይመስለኝም። ኤርኖ ይህን ሁሉ ያለ ልቅሶ፣ ባጭር ባጭሩ ነው የምትጽፈው። የማያነቡ ወላጆች አስተምረው ለወግ ያበቁት ሐበሻ ደግሞ የትኛውንም ገጽ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ባንኮኒው ላይ ካልን ኤሚል ዞላም አለ። በ1883 ያሳተመው «ኦ ቦነር ዴ ዳም» ስለ አንድ ግዙፍ የልብስ መደብር ነው፤ አርአያው ዛሬም ፓሪስ ውስጥ ቆሞ የሚሸጠው ቦን ማርሼ ነው። ዞላ መደብሩን እየዞረ ማስታወሻ ይዞ ነበርና ቅናሹ፣ ማስታወቂያው፣ ሴቶቹ የማያስፈልጋቸውን ገዝተው የሚወጡበት ዘዴ ሁሉ ዝርዝር ነው። ሻጮቹ ጣሪያ ሥር ባሉ ጠባብ ክፍሎች ያድራሉ፤ በጋ ሲመጣና ገበያ ሲቀዘቅዝ በገፍ ይባረራሉ። የፍቅር ታሪኩ ትንሽ ያንገጫግጫል፣ ለመደብሩ ሲባል ግን ይታገሡታል። በነገራችን ላይ የመጽሐፍ ነጋዴው በልቦለዱ ግዙፉ መደብር ከሚያከስራቸው ትንንሽ ሱቆች የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ከ1981 ጀምሮ የመጽሐፍን ዋጋ አሳታሚው ይወስናል፤ የትኛውም ሻጭ ከ5 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ ሕግ ወጥቷል። ፈረንሳይ ውስጥ የሰፈር መጽሐፍ ቤት እስከ ዛሬ የቆየው በከፊል በዚህ ነው።

ምግቡስ ላለኝ፣ የወንጀል ልቦለድ ደራሲው ሲመኖን። ቤልጂጋዊ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ፓሪሳዊ ምን በልቶ ምን እንደሚጠጣ እሱ ከፈጠረው የፖሊስ መርማሪ ከኮሚሳር ሜግሬ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ተጠርጣሪ እየመረመረ ከጎረቤት ሳንድዊችና ቢራ ያስመጣል፤ ቤት ደግሞ ማዳም ሜግሬ ድስቱን ጥዳ ትጠብቀዋለች።

ዛሬን የሚፈልግ ፋይዛ ጌን አለችለት። አልጄሪያውያን ወላጆች ያሏት ይህች ፈረንሳዊት በ2004፣ ገና 19 ዓመቷ ሳለ፣ ከፓሪስ ዳርቻ ያለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ሕይወትን በአንዲት የ15 ዓመት ልጅ አንደበት ጻፈች። የተራኪዋ ልጅ አባት ወንድ ልጅ ፍለጋ ሞሮኮ ተመልሶ ሌላ አግብቷል፤ እናትየው ሆቴል ታጸዳለች፤ አለቃዋ ዐረብ የሆነችውን ሁሉ «ፋትማ» እያለ ይጠራል። ቤይሩትና ዱባይ ሰው ቤት የሠሩ እህቶቻችን ይህን አለቃ በሌላ ስም ያውቁታል። ልጅቷ ግን አታለቅስም፣ ታሾፋለች፤ መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ያስቃል።

ፕሩስትን ዘለልክ የሚሉኝ አይጠፉም። አልናቅኩትም፤ ልቦለዱ ሰባት ክፍል ነው። ኤርኖ ከምሳ በኋላ ተጀምራ እራት ሳይቀርብ ታልቃለች።